ከፊልም ማጀቢያ ወዲያስ ምን እናዳምጥ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ለዚህ እትም ከደረሱን ጥያቄዎች ብዙዎቹ የፊልም ማጀቢያ ሙዚቃ ከሚወዱ አንባቢያን የመጡ ናቸው። ግጥም የሌለበት፣ ረዘም ያለ ሙዚቃ ለምደዋል፤ አሁን ከዚያ ወዲያ ያለውን፣ በተለይ የአገራቸውን፣ ማወቅ ይፈልጋሉ። ስድስቱን መርጠን መልሰናል። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ (ከአዳማ)፦ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። ሳጠናም ስጓዝም የማዳምጠው የፊልም ማጀቢያ ነው፤ ግጥም ስለሌለው ሐሳቤን አይሰርቀኝም። የአገሬን ሙዚቃ በዚያው መንገድ ለማዳመጥ «ክላሲካል» የሚባለውን ስከፍት ግን ሁሉም አንድ ዓይነት ይሆንብኛል። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ አንድ ዓይነት የሚሆንብዎት ጆሮዎ ለውጥ የሚጠብቅበት ቦታ ሌላ ስለሆነ ነው። የፊልም ማጀቢያ የሚሠራው ለምስል ነው። ቫዮሊኖቹ ቀስ ብለው ይነሳሉ፣ ጥሩምባዎቹ ይገባሉ፣ ከበሮው ይመታል፣ ከዚያ ሁሉም ጸጥ ይላል። ነገሩ የሚነገረው በድምፁ መጉላትና መቀነስ ነው። እኛ አገር ክላሲካል የምንለው ግን አብዛኛው ከዘፈን የወጣ ነው። ሳክስፎኑ ወይም ኦርጋኑ የዘፋኙን ቦታ ይይዝና ግጥሙን እንደ አፍ ይናገራል። ድራሙና ቤዙ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በአንድ ልክ ይሄዳሉ፤ የሚለወጠው ዜማው ነው። የትኛው ድምፅ ላይ ቆየ? የትኛውን አርገበገበው? የስንኙን መጨረሻ እንዴት አሳረፈው? ድራሙን ይዞ ለውጥ የሚጠብቅ ሰው ባዶ እጁን ይቀራል።

ስለዚህ አንድ የሚያውቁትን ዜማ ይምረጡ። ትዝታ ለዚህ ይመቻል፤ ሳይዘፍነው ያለፈ ድምፃዊ፣ ሳይጫወተው ያለፈ ሙዚቀኛ ማግኘት ይከብዳል። መጀመሪያ በድምፃዊ 2 ወይም 3 ጊዜ ይስሙትና ስንኞቹ የት እንደሚያልቁ ልብ ይበሉ። ከዚያ ያንኑ ዜማ በመሣሪያ ብቻ ይክፈቱ። ሳክስፎኑ ትንፋሽ የሚወስድበት ቦታ ዘፋኙ ከወሰደበት ጋር ሲገጥም ይሰማዎታል። ይህን አንዴ ከያዙት በኋላ ሌላውን ለመለየት ብዙ አይቸገሩም።

ለፊልም ወዳጅ ቅርቡ በር ሙላቱ አስታጥቄ ናቸው። የጂም ጃርሙሽ «ብሮክን ፍላወርስ» (2005) ሥራዎቻቸውን ስለተጠቀመ ብዙ የውጭ አድማጭ ኢትዮ ጃዝን የተዋወቀው በዚያ ፊልም ነው። ሙዚቃዎቹ ግን ለፊልሙ የተጻፉ አይደሉም፤ 30 ዓመት ግድም ቀድመው የተቀረጹ ናቸው። ፍራንሲስ ፋልሴቶ ባዘጋጁት «ኢትዮፒክስ» በተባለው ተከታታይ 4ኛው ቅጽ ላይ ከ1969 እስከ 1974 የተሠሩት ተሰብስበው ይገኛሉ። ሲያዳምጡ ሁለት ነገር ለያይተው ይያዙ፦ ከላይ ቫይብራፎኑ (በዱላ የሚመታው የብረት መሣሪያ) እና ሳክስፎኑ በአምስት ድምፅ ቅኝት፣ ማለትም ዜማው በሚሠራባቸው አምስት ድምፆች፣ ይሄዳሉ፤ ከሥር ያሉት ኮርዶች (አንድ ላይ የሚመቱ ድምፆች) ግን ከአሥራ ሁለቱም ድምፅ የተወሰዱ ናቸው። የኢትዮ ጃዝ ጣዕም ያለው የሁለቱ መፋተጊያ ላይ ነው።

ለጥናት ከሁሉ የሚስማማው ኃይሉ መርጊያ ከዋልያስ ባንድ ጋር በ1977 ያወጡት «ቸ በለው» ነው። ኦርጋኑ አይጮኽም፣ ምቱ አይቸኩልም። ከዚያ ለብቻቸው በ1985 አኮርዲዮን፣ ኤሌክትሪክ ፒያኖ፣ ሲንተሳይዘርና የድራም ማሽን ይዘው የቀረጹት ካሴት አለ፤ በ2013 እንደገና ታትሟል። የድራም ማሽኑ መጀመሪያ ላይ ደረቅ ሊመስልዎ ይችላል፣ ግን አኮርዲዮኑን ይከተሉ፤ እያንዳንዱን ስንኝ በሌላ ጌጥ ነው የሚመልሰው።

ጌታቸው መኩሪያን ለጥናት አይክፈቱ። ሳክስፎኑ ላይ የሚሰማው ሽለላና ፉከራ ነው፤ የፎካሪው ጉሮሮ ሲሻክር፣ ድምፁ ሲሰበር፣ ቃል ሲደጋግም በመሣሪያው አፍ ይወጣል። ሌላ ሥራ ይዘው ከሰሙት ጫጫታ ይሆንብዎታል፤ ቁጭ ብለው ከሰሙት ግን ከዚህ ሁሉ ዝርዝር ውስጥ አቻ የለውም። የኢትዮፒክስ 14ኛው ቅጽ ሙሉ በሙሉ የእሱ ነው።

ከማጀቢያም ጨርሰው መራቅ ካልፈለጉ የኃይሌ ገሪማን «ጤዛ» (2008) ሙዚቃ ይፈልጉ። የሠሩት ሳክስፎኒስቱ ጆርጋ መስፍንና ፒያኒስቱ ቪጃይ አየር ናቸው።

ጥያቄ (ከባሕር ዳር)፦ የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን ፒያኖ እወደዋለሁ። ግን በእግሬ ምቱን ልይዝ ስሞክር ያመልጠኛል። ሆን ተብሎ ነው ወይስ የቀረጻ ችግር?

መልስ፦ ሆን ተብሎ ነው፤ ቀረጻው ጤነኛ ነው። ምት የሚቆጠርበትን ሙዚቃ በችክችካ ይሞክሩት፦ ከ1 እስከ 6 እየቆጠሩ 1 እና 4 ላይ ያጨብጭቡ፤ እስከ መጨረሻው ይገጥማል። እማሆይ (1923–2023) ግን ከሁለት ትምህርት ቤት ነው የመጡት። በልጅነታቸው ስዊዘርላንድ፣ ኋላም ካይሮ በአሌክሳንደር ኮንቶሮቪች ሥር የአውሮፓን ሙዚቃ ተማሩ፤ ከዚያ መንኩሰው በቅዱስ ያሬድ ዜማ ውስጥ ኖሩ። ቁም ዜማ ከበሮም ጸናጽልም አይገባበትም፤ ልኩ ቃሉና ትንፋሹ ነው። ቃሉ ሲረዝም ድምፁ ይረዝማል፣ ዜመኛው ሲያርፍ ጊዜውም ያርፋል። የአውሮፓ ፒያኖም በበኩሉ ጊዜን መሳብና መልቀቅ ያውቃል። ሁለቱ አንድ እጅ ላይ ሲገናኙ የሚወጣው ያ በእግር የማይያዘው አካሄድ ነው።

በእግርዎ ፋንታ ወረቀትና እስክሪብቶ ይያዙ። ዜማው አንድ ሐረግ ጨርሶ ባረፈ ቁጥር አንድ ጭረት ያስምሩ፤ በሚቀጥለው ማዳመጥ ደግሞ እያንዳንዱ ሐረግ ስንት ሰከንድ እንደሆነ ከስልክዎ ሰዓት ይጻፉበት። ርዝመታቸው እኩል አይሆንም፤ ሐረጎቹ ግን በትክክል ይለያሉ። ያኔ ሙዚቃው መልክ እንዳለው ይታይዎታል። የመጀመሪያው ሸክላቸው በ1967 ጀርመን ነው የታተመው፤ ከዚያ ይጀምሩ። ኢየሩሳሌም የምትኖሩ አንባቢያን ደግሞ በዕድሜያቸው መጨረሻ የኖሩበት የኢትዮጵያ ገዳም አጠገባችሁ ነው።

ጥያቄ (ከስቶክሆልም)፦ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺ ሆዬ የሚባሉ ቅኝቶች እንዳሉ እሰማለሁ። ልጄ ፒያኖ ስለምትማር ቤት ኪቦርድ አለን። በጆሮ ለመለየት የሚረዳ ቀላል መንገድ ይኖራል?

መልስ፦ አለ፤ ኪቦርድ ካላችሁ አንድ ምሽት ይበቃል። ከጥቁሮቹ ቁልፎች አንዱን ብቻ ነው የምትፈልጉት፣ እሱንም ለመጨረሻው ቅኝት።

ትዝታ ሜጀር፦ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ። ማረፊያው ዶ ነው። እነዚሁን አምስት ቁልፎች ሳትቀይሩ ማረፊያውን ወደ ላ ውሰዱትና ላ፣ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል ብላችሁ ተጫወቱ፤ ባቲ ማይነር ሆነ። ቁልፎቹ ያው፣ ስሜቱ ሌላ። የቅኝት ትምህርት ዋናው እዚህ ላይ ነው ያለው፦ ቅኝትን የሚለየው የትኞቹ ድምፆች ገቡ የሚለው ብቻ ሳይሆን ዜማው የትኛው ላይ ቤቱን ሠራ የሚለው ነው።

ትዝታ ማይነር፦ ላ፣ ሲ፣ ዶ፣ ሚ፣ ፋ፤ ማረፊያው ላ። እነዚህኑ ይዛችሁ ማረፊያውን ወደ ሚ ስታዞሩት፣ ሚ፣ ፋ፣ ላ፣ ሲ፣ ዶ፣ አምባሰል ይሆናል። የአምባሰል ምልክቱ ከማረፊያው ቀጥሎ ያለው ድምፅ ነው፤ ከሚ ወደ ፋ በመካከል ጥቁር ቁልፍ የለም። ዜማው ወደ ቤቱ ሲመለስ በዚያች ጠባብ በር ነው የሚገባው፤ ሲዘፈን እንደ መቃተት የሚሰማው እሷ ናት።

ባቲ ሜጀር፦ ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ።

አንቺ ሆዬ፦ ሲ፣ ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ከዚያ በሶልና በላ መካከል ያለው ጥቁር ቁልፍ። ይህን ቅኝት ከነጮቹ ብቻ ማግኘት አይቻልም። ሌሎቹ ቅኝቶች ሁሉ ማረፊያቸውን የሚደግፍ አምስተኛ ድምፅ አላቸው፤ ለዶ ሶል፣ ለላ ሚ፣ ለሚ ሲ እንደማለት ነው። አንቺ ሆዬ የለውም፤ ከሲ ተነስቶ ፋ ላይ ይቆማል። እግሩ ያልረገጠ፣ የተንጠለጠለ የሚመስለው ለዚህ ነው።

ዘፈን ስትሰሙ ማረፊያውን የማግኛው ዘዴ ይህ ነው፦ ስንኙ ሲያልቅ ሙዚቃውን አቁሙና ዜማው በተፈጥሮ «አለቀ» የሚልበትን ድምፅ አንጎራጉሩ። እሱን ቁልፍ ኪቦርዱ ላይ ፈልጉ። ከዚያ ሌሎቹን አራት ፈልጋችሁ በመካከላቸው ያለውን ርቀት ከላይ ካለው ጋር አመሳክሩ። መሰንቆና ክራር ሲሆን ቁልፉ አልገጥም ብሎ በሁለት ድምፅ መካከል ሊወድቅባችሁ ይችላል፤ ስህተት አይደለም። ተጫዋቹ የሚቃኘው ለድምፃዊው ጉሮሮ እንጂ ለፒያኖ አይደለም። ለልምምድ በኪቦርድ ወይም በሳክስፎን የተቀረጸ ምረጡ።

ጥያቄ (ከዱባይ)፦ የሥራ እረፍቴ አጭር ስለሆነች በስልኬ ስፒከር በገና አዳምጣለሁ። በአካል የሰማሁት ደረትን የሚነካ ነበር፤ በስልክ ግን ንብ የሚጮኽ ነው የሚመስለው። ምን ላድርግ?

መልስ፦ የሰሙት ንብ የበገናው ግማሽ ነው። አሥሩ የአንጀት ጅማቶች ድልድዩ ላይ በሚያርፉበት ቦታ፣ በጅማቱና በድልድዩ መካከል እንዝራ የሚባል ትንሽ ቁራጭ ቆዳ ይገባል። ጅማቱ ሲነካ እንዝራውን እየታከከ ይነዝራል፤ ያ ነዘራ ቀጭንና ከፍተኛ ድምፅ ነው። ጅማቱ ራሱና ቆዳ የለበሰው ገበቴ የሚሰጡት ደግሞ በጣም ዝቅተኛ ድምፅ ነው። የስልክ ስፒከር ትንሽ ስለሆነ ዝቅተኛውን ማውጣት አይችልም፤ ነዘራው ብቻ ይቀራል። ስልክን ባዶ ብርጭቆ ውስጥ ማስገባት ድምፁን ያጎላዋል እንጂ የጠፋውን አይመልስም።

መፍትሔው በሽቦ የሚሠራ ርካሽ የጆሮ ማዳመጫ ነው፤ ጆሮን ጥብቅ አድርጎ የሚዘጋ ጎማ ያለው ይሁን። ጎማው ካልገጠመ ዝቅተኛው ድምፅ በክፍተቱ ይወጣል፤ ስለዚህ አብረው የሚመጡትን ልዩ ልዩ መጠኖች ይሞክሩ። የስልኩን የቤዝ መጨመሪያ አይክፈቱ፤ ጅማቶቹን አደባልቆ የዘማሪውን ድምፅ ይሸፍነዋል። በገና ላይ የሰው ድምፅ ዝቅ ያለ ነው፤ ሊነገር እንጂ ሊጮኽ አልተሠራም። ለመነሻ የዓለሙ አጋን ይምረጡ፤ በኢትዮፒክስ 11ኛው ቅጽ ላይ ይገኛል። ጅማቶቹ የሚደጋግሙትን አጭር ዙር መጀመሪያ ይያዙ፣ ቃሉ በእሱ ላይ እንዴት እንደሚቀመጥ በኋላ ይከተሉ።

ጥያቄ (ከሲልቨር ስፕሪንግ)፦ አባቴ የተዉት 40 የሚሆኑ ካሴቶች አሉን፤ ብዙዎቹ ክላሲካል ናቸው፣ አንዳንዶቹንም ኢንተርኔት ላይ አላገኘኋቸውም። ወደ ኮምፒውተር ላስገባቸው ስሞክር ድምፁ የታፈነ ሆነ። ምን አጠፋሁ?

መልስ፦ ኢንተርኔት ላይ የሌለ ካሴት በእጅ መኖሩ ትልቅ ነገር ነው፤ እባክዎ በጥንቃቄ ይያዙት። የመጀመሪያው ሥራ ቀረጻ አይደለም። በካሴቱ ጀርባ፣ በላይኛው ጠርዝ ግራና ቀኝ ያሉትን ሁለት ትናንሽ ፕላስቲኮች ይስበሩ። እነሱ ከሌሉ ማጫወቻው በስህተት ሊቀዳበት አይችልም። ከዚያ የሽፋኑን ወረቀት ከፊትም ከኋላም ፎቶ ያንሱ፤ የሙዚቀኞቹ ስም የተጻፈው እዚያ ብቻ ሊሆን ይችላል።

ድምፅ የሚታፈንባቸው ምክንያቶች አራት ናቸው፤ በዚህ ቅደም ተከተል ይፈትሹ።

አንደኛው ቆሻሻ ነው። የማጫወቻውን ራስ (ቴፑ የሚታከከውን፣ ድምፁን የሚያነበውን ብረት) 90 በመቶና ከዚያ በላይ በሆነ አይሶፕሮፒል አልኮልና በጥጥ ይጥረጉ፤ ጥጡ ቡናማ ሆኖ መውጣቱ እስኪቆም ይደጋግሙ። ጎማውን ተሽከርካሪ ግን በአልኮል አይጥረጉት፣ ያደርቀዋል፤ በጣም ጥቂት ሳሙና ያለው ውኃ ይበቃዋል። 10 ደቂቃ ያድርቁት። በ5 ካሴት አንዴ ይድገሙት፣ አሮጌ ቴፕ ዱቄቱን ያራግፋል።

ሁለተኛው ዶልቢ የሚባለው የቴፕ ሹክሹክታ (ከሥር የሚሰማው «ሽሽ» የሚል ድምፅ) መቀነሻ ማብሪያ ነው። ያለ ዶልቢ የተቀዳን ካሴት በዶልቢ ካጫወቱት ሹክሹክታው ይቀንሳል፣ አብሮም የጸናጽሉና የመሰንቆው ጥራት ይሄዳል። ያጥፉትና ያወዳድሩ።

ሦስተኛው ከካሴቱ ነው። መስኮቱ ሥር ቴፑን ወደ ማጫወቻው ራስ የሚገፋ ትንሽ የሱፍ ትራስ አለ፤ ሙጫው ሲደርቅ ይወድቃል፣ ድምፁም ይርቃል፣ ይዋዥቃል። እንዲህ ከሆነ በብሎን የተያያዘ ሌላ ባዶ ካሴት ይግዙ፤ አምስቱን ብሎን ፈትተው ሁለቱን ጥቅል እንዳሉ ወደ አዲሱ ያዛውሩ። ጠረጴዛው ላይ ነጭ ጨርቅ ያንጥፉ፣ ብሎኖቹ ይጠፋሉ።

አራተኛው የማጫወቻው ራስ ማዘንበል ነው፤ የቤተሰብ ካሴቶች ላይ ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው ይህ ነው። ካሴቱ የተቀዳበት ማጫወቻ ራስ ትንሽ ያዘነበለ ከነበረ በእርስዎ ቀጥ ያለ ራስ ላይ ይታፈናል። ከራሱ ጎን ያለችውን ትንሽ ብሎን ካሴቱ እየተጫወተ፣ የግራና የቀኙን ቻናል ወደ አንድ (ሞኖ) አዋህደው፣ በጣም ቀስ ብለው ያዙሩ። ሩብ ዙር እንኳ ብዙ ነው። ጸናጽሉ ጥርት ብሎ የሚወጣበት ነጥብ አለ፤ እሱን ሲያልፉት መልሶ ይታፈናል። እዚያ ላይ ያቁሙ፣ የቀድሞውን ቦታ በእስክሪብቶ ምልክት አድርገው ይያዙት፣ ሲጨርሱ ይመልሱት።

ቀረጻው፦ ካሴቱን አንዴ ወደ ፊት፣ አንዴ ወደ ኋላ ሙሉ በሙሉ ያጠንጥኑት፤ ለዓመታት ተጣብቆ የቆየው ጥቅል ይላቀቃል። ገመዱን ከማጫወቻው የመስመር መውጫ (ላይን አውት) ያውጡ። የላፕቶፕ ማይክሮፎን ቀዳዳ ውስጥ አያስገቡት፣ ብዙ ጊዜ ሞኖ ነው፣ ድምፁንም ያፈነዳዋል፤ በዩኤስቢ የሚገባ ርካሽ የድምፅ ማስገቢያ ይግዙ። ኦዳሲቲ የተባለው ነጻ ፕሮግራም ይበቃል። 24 ቢት፣ 44.1 ኪሎኸርትዝ፣ ዌቭ ፋይል ያድርጉት፣ ከፍተኛው ድምፅ ከዜሮ በ6 ዴሲቤል ዝቅ ያለውን መስመር (-6) እንዳያልፍ ይጠብቁ። የ60 ደቂቃ ካሴት ወደ 950 ሜጋባይት ይወስዳል፤ ለ40ው ካሴት 40 ጊጋባይት ያዘጋጁ፣ የ90 ደቂቃ ካሉበት ደግሞ 60።

የሹክሹክታ ማጥፊያውን በኋላ በቅጂ ላይ ብቻ ይሞክሩት፣ ከ6 ዴሲቤልም አያሳልፉት። የመሰንቆ ጭራ ጅማቱን ሲፍቅ የሚወጣው ድምፅና የቴፑ ሹክሹክታ አንድ ሰፈር ናቸው፤ ማሽኑ አንዱን ከሌላው አይለይም። የተጸዳ ተብሎ የሚለቀቅ የድሮ ሙዚቃ ውኃ ውስጥ የተቀዳ የሚመስለው ከዚህ የተነሳ ነው። ዋናው ፋይል ከነሹክሹክታው በሁለት የተለያየ ቦታ ይቀመጥ።

ጥያቄ (ከደሴ)፦ ያው አንድ ክላሲካል በአንዱ ቻናል ፈጠን፣ በሌላው ዘገም ብሎ ይሰማኛል። ትክክለኛውን እንዴት አውቃለሁ?

መልስ፦ ካሴት በሰከንድ 4.76 ሴንቲሜትር መሄድ አለበት። የማጫወቻው ቀበቶ ሲረግብ ወይም የሞተሩ ልክ ሲዛባ ፍጥነቱም የድምፁ ቁመትም (ቅጥነቱና ውፍረቱ) አብረው ይቀየራሉ፤ እንዲህ የተቀዳው ነው ኋላ ኢንተርኔት ላይ የሚጫነው። የሁለቱን ቅጂ ርዝመት ያወዳድሩ። አንዱ 4 ደቂቃ ከሆነ ሌላው 3 ደቂቃ ከ46 ወይም 47 ሰከንድ ከሆነ 6 በመቶ ፈጥኗል ማለት ነው፣ ድምፁም በኪቦርድ ላይ፣ ጥቁሮቹም ተቆጥረው፣ አንድ ቁልፍ ሙሉ ከፍ ብሏል። ርዝመታቸው ሲለያይ ቁመታቸው እኩል ከሆነ ግን ችግሩ የካሴት አይደለም፤ አንዱ በኮምፒውተር ተቆርጧል ወይም ተስቧል። ከሸክላው ወይም ከዋናው ቴፕ እንደገና የታተመ ካለ እሱን መለኪያ ያድርጉ። ከሌለና ድምፃዊ ካለበት የእሱን ሌላ ዘፈን ይክፈቱና የጉሮሮውን ውፍረት ያመሳክሩ፤ የሰው ድምፅ ሲፈጥን እንደሚቀጥን ጆሮ ቶሎ ያውቃል። መሣሪያ ብቻ ከሆነ የሳክስፎኑን ማርገብገብ ያዳምጡ፤ በተፋጠነ ቅጂ ላይ እንደ ፍየል ድምፅ ይንቀጠቀጣል።